መቶዎቹን ማን ያበላቸዋል?

በእኛ ቤት አለቃ ማለት አያቴ ነበሩ። ሌላ አለቃ በዓለም ላይ መኖሩን እስከ ስምንት ዓመቴ ድረስ አላውቅም። አለቃ አድማሱ ድጓቸውን ቤተ ልሔም አስመስክረው የተመለሱ፣ የመንደራችንን ደብር የሚያስተዳድሩ፣ ተማሪ የሚያስተምሩ፣ ጋይንት ውስጥ ምላሳቸው የሚፈራ ሰው ነበሩ። ማሕሌት ሲቆሙ ድምፃቸው ወንዝ ተሻግሮ ይሰማል ይባል ነበር። እኔ ግን አለቃነታቸውን የማውቀው በጓዳ በኩል ነው።

ተማሪዎቻቸው በአዘቦት ቀን ቤት ለቤት እየዞሩ ይለምናሉ። በዓል ሲሆን፣ ዝናቡ ሲጠና ወይም የሰፈሩ ውሻ ሲከፋባቸው ግን ጓዳቸው የአለቃ ቤት ነው። አቀማመጣቸውን ላየ እንደ መላእክት ጭምት ናቸው፤ ማዕድ ሲቀርብ ግን ጭምትነቱ የት እንደሚገባ እንጃ። ድንቹም ባቄላውም እንጀራውም ቀረበ ሲሉት የለም።

ይህን ሁሉ አፍ ችላ የምታድር ብርነሽ ነበረች። ብርነሽ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እናቴ መካነ ኢየሱስ አስተማሪ ስለነበረች እኔን ያሳደገችኝ ብርነሽ ነች፤ እታለም እያልሁ ነበር የምጠራት። ሴት አያቴ ስትሞት ብርነሽ ንፋስ መውጫ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነበርና ተመልሳ ቤቱን ተረከበች። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ቆማ ነው የማገኛት፣ ማታ ዓይኔን ስከድንም ቆማ ነው የምተዋት። ስለዚህ በእኔ መዝገበ ቃላት አለቃ ማለት ብዙ ሰው የሚበላበት ሰው ነው። የአለቃ ቤት ሴት ማለት ደግሞ መቀመጥ የማታውቅ ማለት ነው።

ኅዳር መጨረሻ፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎታ በገባ ሰሞን፣ ሦስት ሰዎች ከእስቴ መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ፣ ጠላ ቢቀርብላቸው እንቢ። በር ሥር ቆመው ቀሩ። እኔ ሊካሰሱ የመጡ መስሎኝ ከጎታው ጀርባ ገብቼ አደፈጥሁ። ሽማግሌ ሲላክ መቆም ወግ መሆኑን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

የመሃለኛው አያ አዳነ ይባላሉ። ኋላ እንደሰማሁት በእስቴና በስማዳ የእሳቸው አፍ ሳይገባበት የቆመ ጋብቻ አልነበረም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አለቃ፣ የምንቀመጥበትን ቃል ከእርስዎ አፍ እስክንሰማ ነው የቆምን። ልጅዎን ብርነሽን ለልጃችን ለይርዳው ይስጡን ብለን ነው።»

«ልጃችሁ ምን ይሠራል?»

«መቶ አለቃ ነው» አሉ አያ አዳነ። ትንሽ ቆዩና ጣራውን ቀና ብለው እያዩ፣ «ያውም የአየር ኃይል!» ብለው ጨመሩ።

አያቴ ጭራቸውን ነሰነሱ። «የአየር አለቃ ነዋ። ሐዋርያው የአየር አለቃ የሚለው ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

ሰዎቹ ተያዩ።

«ዲያብሎስን ነው።»

«ኧረ በስመ አብ በሉ አለቃ!» አሉ አያ አዳነ እያማተቡ። «ይኸኛውስ የመንግሥት ነው!»

አያቴ ሲቀልዱ ፊታቸው አይስቅም፤ ስለዚህ ሰው ይስቅ ወይስ ይፍራ ይቸግረዋል። ሽማግሌዎቹን በዚህ ዓይነት ላብ ላብ ሲያሰኟቸው ቆዩና፣ «ለማንኛውም አምጡትና ልየው፤ ሳላየው ቃል የለኝም። ከጥምቀት በኋላ ይምጣ» አሉ። ሽማግሌዎቹም ያን ጊዜ ተቀመጡ፤ ጠላውንም እንቢ አላሉም።

እኔን ዲያብሎሱ ብዙም አላስጨነቀኝ። አያቴ በጠበል ስንቱን እንዳባረሩ ይወራ ስለነበር እሳቸው ያውቁበታል ብዬ ተውሁት። ያስጨነቀኝ መቶው ነው። ተራው አለቃ ይህን ያህል ተማሪ ካለው፣ መቶ አለቃ ማለት በግልጽ መቶ ሰው ያለው አለቃ ነው። ብርነሽ እሱን ካገባች መቶው ሁሉ ሊበላ ይመጣል። ሌላ ምን ትርጉም ሊኖረው ይችላል?

ዛሬ ንፋስ መውጫ ሒሳብ አስተምራለሁ። መቶ አለቃ ማለት ትከሻው ላይ ኮከብ ያደረገ መኮንን እንደሆነ፣ ስሙ ምናልባት በጥንቱ ጦር መቶ ሰው ከመምራት ቢመጣም የአየር ኃይሉ መቶ አለቃ ዙሪያው ዐሥር ሰውም ላይኖር እንደሚችል አሁን አውቃለሁ። ማዕረግ ቁጥር አይደለም። የስምንት ዓመት ልጅ ግን መቶ ከተባለች መቶ ነው የምትቆጥር።

ነገሩን ለብርነሽ መንገር ግዴታዬ መሰለኝ። ቤት ጥግ ጥላ ላይ ተቀምጣ ገብስ ስታበጥር አገኘኋት።

«እታለም፣ መቶ አለቃ ሁልጊዜ ነው መቶ ሰው የሚያበላ ወይስ በበዓል በበዓል?»

ሰፌዱ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገችና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቀሰች መሰለኝ። ጀርባዋን መታ መታ እያደረግሁ፣ «አይዞሽ፣ እኔም አግዝሻለሁ» አልኋት። ይህን ስላት ጭራሽ ባሰባት። ሳቅ መሆኑን የነገረችኝ እኔ ራሴ ለአቅመ ሔዋን ከደረስሁ በኋላ ነው።

በዚያ ሰሞን ብዙ ነገሯ ግራ ያጋባኝ ነበር። በገበያ ቀን ሁሉ ንፋስ መውጫ ካልሄድሁ ትላለች። አያቴ ምን ጎደለ ሲሏት ጨው ትላለች። ስትመለስም እውነትም ጨው ይዛ ትመለሳለች። ያን ዓመት እንደ እኛ ቤት ጨው የገባበት ቤት ጋይንት ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ስልክ ገና መንደራችን አልደረሰም ነበር፤ ከተማው ውስጥ ግን ሰው ተሰልፎ የሚደውልበት የስልክ ቤት እንደነበር አሁን ሳስበው ትዝ ይለኛል።

ደግሞ አውሮፕላኑ አለ። ወደ ላሊበላ ቱሪስት የሚወስድ አውሮፕላን አልፎ አልፎ በሰማያችን ያልፋል። የሽማግሌዎቹ ወሬ ከተዳረሰ በኋላ መንደርተኛው ቀና ብሎ፣ «የብርነሽ ባል አለፈ!» ይል ጀመር። እሷም «ሂዱ ወዲያ!» ትላለች እንጂ ሻሿን አስተካክላ ብቅ ማለቷን አልተወችም። የእሱ አለመሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ግን ሰማዩን ማየት ምን ይከለክላል። እኔ ደግሞ ድምፁን ስሰማ ወደ ቤት ሮጬ የጎታውን አፍ በሰፌድ እከድናለሁ። ከዚያ ከላይ ሆኖ ገብሳችን ለመቶ ሰው ይበቃ እንደሆነ እየለካ መስሎኛል። ጣባውንም ዋንጫውንም ሰብስቤ አየሁት፤ በፍጹም አይበቃም። ከብዙ ሐሳብ በኋላ ዐሥር ዐሥር እየሆኑ በየተራ እንዲበሉ ወሰንሁ።

ጥምቀት አለፈና ይርዳው መጣ።

መንደሩ በሙሉ በየደጁ ቆሞ ነበር የጠበቀው። አንዳንዱ የወታደር ልብስ ከነኮከቡ ሲጠብቅ፣ አንዳንዱ ደግሞ ማን ያውቃል ብሎ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ እሱ ከአያ አዳነ ኋላ ሹራብ ለብሶ፣ ጫማው አቧራ ጠጥቶ፣ እንደማንም መንገደኛ አቀበቱን ወጥቶ ከተፍ አለ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ልጅ ነው። እኔ እሱን ትቼ ከኋላው ያለውን መንገድ ነበር የማየው። አንዲት አህያ ብቻ ትመጣለች። መቶዎቹ ሚኒባስ ሞልቶባቸው ንፋስ መውጫ ቀርተው ይሆናል ብዬ ለጊዜው እፎይ አልሁ።

አያ አዳነ ይርዳውን አያቴ አጠገብ አስቀመጡት፤ «መቶ አለቃ፣ ወደ ላይ! ኧረ ወደ ላይ!» እያሉ። ምግቡ እስኪቀርብ ጨዋታ ተጀመረ። አያቴ ሰው ሲጠይቁ እንደ ቅኔያቸው ነው፤ ሰሙን ስትመልስ ወርቁ ያመልጥሃል።

«እንደው ልጄ፣ ሰማዩ ከላይ ሆነው ሲያዩት እንዴት ነው?»

ይርዳው አፉን ሲከፍት አያ አዳነ ቀደሙት። «ሰማይማ ለሱ ግቢው ነው! ደመናውን እንደ በግ ነው የሚነዳው!»

«አያ አዳነ...» አለ ይርዳው።

አያ አዳነ እግሩን ረገጡት። እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ ዝቅ ብዬ ስለነበር አይቻለሁ። ቦታ ጠቧቸው መሰለኝ።

«መውረዱስ አያስፈራ?» አሉ አያቴ።

«እሱ መውረድ መች ይወዳል! ውረድ ብለው በሬዲዮ ለምነው ነው የሚያወርዱት!»

ይርዳው አንገቱን ደፋ። እኔ ማስታጠብ ጀመርሁና ከእሱ ደረስሁ። ውኃውን ሳፈስለት ጥፍሮቹ ሥር ሳሙና ያልቻለው ጥቁር ነገር አየሁ። የአያቴ እጅ ቀለም እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ነክቶት አያውቅም። ይህ ሰው ሠርቶ የሚያድር ይመስላል፤ ቢነግሩት ይገባዋል ብዬ ልቤን ሞላሁ።

«መቶዎቹን ማን ነው የሚያበላቸው?» አልሁት።

«የትኞቹን መቶዎች?»

«የእርስዎን። አለቃቸው አይደሉ? እታለም ብቻዋን ለመቶ ሰው አትችልም። እኔም ትምህርት ቤት አለብኝ።»

ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሲንኳኳ የነበረው ዕቃ ዝም አለ። ይርዳው አልሳቀብኝም። መጀመሪያ አያ አዳነን አየ፣ ቀጥሎ አያቴን፣ ከዚያ ደግሞ መጋረጃውን። ውኃው ከጣቶቹ ይንጠባጠባል።

«መቶ አይደሉም፣ እመቤት» አለኝ። «ሃምሳ ናቸው።»

እልል ብል ደስ ባለኝ። በአንድ ጥያቄ ግማሹን አስቀነስሁ! ወደ አያቴ ዞሬ አመስግኑኝ በሚል ዓይን አየኋቸው። እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም።

«ምን አልህ ልጄ?»

«ሃምሳ አለቃ ነኝ፣ አለቃ። መቶ አለቃ አይደለሁም። አብራሪም አይደለሁ፤ የአውሮፕላን ጎማና ፍሬን ነው የምጠግን። አያ አዳነ እንዲህ ማለታቸውን የሰማሁ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። ሐሰት ይዤ ከማዕድዎ እጄን ልሰድ አልቻልሁም።»

አያቴ ቀስ ብለው ወደ አያ አዳነ ዞሩ። «አዳነ፣ ቀሪውን ሃምሳ የት ጣልኸው?»

«እንግዲህ አለቃ... መቼም ሽምግልና ትንሽ ጨው ካልገባበት...»

«ይኸ ጨው ነው? ግማሽ በግማሽ ነው እንጂ!»

ለተማሪዎቼ ሃምሳ የመቶ ግማሽ ነው ብዬ አስተምራለሁ። በወታደር ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ሃምሳ አለቃው ክንዱ ላይ ምልክት የሚያደርግ የበታች ሹም ነው፣ መቶ አለቃው ባለ ኮከብ መኮንን ነው፤ በመሃላቸው ያለው ገደል በመቀነስ የሚሻገሩት አይደለም። አያቴ ግን ለገደሉ ደንታም አልነበራቸው። እሳቸውን ያንገበገባቸው ሌላ ነው።

«ሃምሳ ሆነ ዐሥር ለእኔ ምኔም አይደል» አሉ ድምፃቸው ከፍ እያለ። «ግን ሐሰት አስይዛችሁ ሽማግሌ ደጄ አቆማችሁ። ልጄን የሚወስድ ቤት በሐሰት ከጀመረ በምን ይጨርሳል? ተነሡ! ልጅም የለኝ!»

አያ አዳነ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ይርዳው ቆመ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ነገሩ አለቀለት። እኔ ግን የአያቴ ቁጣ ወዲያው ገብቶኝ ነበር፤ ሃምሳም በዝቶባቸው ነው። እውነታቸውን ነው፣ ሃምሳ ሰው ቀላል ነው እንዴ? በዚህ ገበያ ትንሽ ብንገፋ ይወርዳል ብዬ፣

«ሃምሳም ይበዛል!» ብዬ ጮኽሁ። «ሃያ ያድርጓቸው!»

ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠና ብርነሽ ወጣች። ልትታጭ የተጠየቀች ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ነውር ነው። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች። አባቷንም አላየች፣ ይርዳውንም አላየች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። ማስታጠቢያውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ሃምሳውን እችላለሁ፣ አንች» አለችኝ። «የከበደኝ መቶ ናቸው ሲሉ ነበር።»

ተመልሳ ገባች።

እኔ የሰማሁት የጓዳ ሒሳብ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ የሰማው ምን እንደነበር እስኪገባኝ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ይርዳውና ብርነሽ ንፋስ መውጫ አንድ ክፍል ነበር የተማሩ። እሱ ሃምሳ አለቃ መሆኑን ገና ማዕረጉን የተቀበለ ዕለት በዚያ በጨው መንገድ፣ በስልክ ሰምታለች። ኅዳር ላይ አያ አዳነ መቶ ሲሉ ከጓዳ ሆና ደንግጣ ነበር፤ ውሸት ነው እንዳትል በምን አወቅሽ ትባላለች፣ ዝም እንዳትል አባቷ እየተታለሉ ነው፣ ለእሱ በስልክ እንዳትነግረው ከአያ አዳነ ተጣልቶ ነገሩ እንዳይፈርስ ፈራች። ከኅዳር እስከ ጥር ይህን ተሸክማ ከርማለች። የአለቃ ልጅ ሽማግሌ ፊት ወጥታ ወደድሁት አትልም። ለአንዲት ሕፃን ግን ሃምሳ ሰው አበላለሁ ብትል ማን ምን ይላታል? እንዲህ ያለ ብልህ ንግግር ከዚያ በኋላ ከማንም አፍ አልሰማሁም።

አያቴ ሰው የሌለ ይመስል እኔን ጠየቁኝ።

«ምን አለች?»

«ሃምሳውን እችላለሁ አለች። እኔም አግዛታለሁ።»

ጢማቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። የእሳቸው ሳቅ ከጢማቸው አያልፍም።

«እንግዲያስ ተቀመጡ» አሉ። «ያ የአየር አለቃ የሐሰት አባት ነው። ይኸ ልጅ ግን በገዛ አፉ ግማሽ ሹመቱን ጣለ፤ እሱ አይደለም ማለት ነው። አንተ አዳነ ግን አጠራጥረኸኛል።»

አያ አዳነ እንደዚያ ዕለት ደስ ብሏቸው ተሰድበው አያውቁም። ማዕዱ ቀረበ፣ ተባረከ፣ ተበላ። ይርዳው ግን አንድ ጉርሻ እንኳ በወጉ መዋጡን እጠራጠራለሁ፤ ዓይኑ ከመጋረጃው አልተነቀለም።

ዛሬ ደብረ ዘይት ሦስት ልጆች አሏቸው። ይርዳው ሻለቃ ባሻ ሆኗል፤ ይኸም የበታች ሹም ነው፣ ስሙ ግን ሺህ አለቃ ከሚለው የመጣ። ሹመቱን የሰማሁ ዕለት ደውዬ፣ «እታለም፣ አሁንስ ሺህ ደረሱ፤ ትችያለሽ?» አልኋት። እስክትነፈርቅ ሳቀች። አያቴም ሳይሞቱ ሄደው አይተዋቸዋል፤ አንድ አውሮፕላን ሲነሣ ጭራቸውን አንሥተው ባረኩት አሉ።

ያን ዕለት ግን እንግዶቹ ሲሰናበቱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። አያቴ ደጅ መደብ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል የሚወርዱትን ሰዎች ያያሉ። ብርነሽ ጓዳ ውስጥ ዕቃ እያጠበች ታንጎራጉራለች፤ ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም ነበር። እኔ ጣባዎቹን ሁሉ ሰብስቤ ደጅ ላይ በመጠን በመጠን እደረድራለሁ።

«አባባ፣ ሃምሳዎቹ መቼ ነው የሚመጡ?»

«ወዴት?»

«እዚህ ነዋ። ዐሥር ዐሥር ሆነው እንዲበሉ ልነግራቸው ነው።»

አያቴ ጭራቸውን መደቡ ላይ አስቀመጡ። ክንዴን ይዘው ወደ ጋቢያቸው ሳቡኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ነፋሱ ነው ብዬ አለፍሁት።

«አይመጡም፣ ዕፀገነት» አሉኝ። «እሷ ናት የምትሄድ።»

«የት?»

«ባሏ ካለበት። ሩቅ ነው።»

ያን ያህል ሰሞን ጣባውን አስቤያለሁ፣ ገብሱን አስቤያለሁ፣ ተራ እንዴት እንደሚይዙ ሁሉ አስቤያለሁ። ይህችን ግን አላሰብኋትም። ከአያቴ ጋቢ ሾልኬ ወጣሁና ወደ ቁልቁለቱ ጫፍ ሮጥሁ። ይርዳውና አያ አዳነ ወንዙን አልተሻገሩም ነበር። ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽሁ።

«ይምጡ! ሃምሳውም ይምጡ! መቶውም ይምጡ! እሷ ግን አትሂድብኝ!»